ስማቸው ስለ ጠፋ ሙታን አደራ

ሰው ለሚያውቀው ሙት የሚገባውን ያውቃል። አባቱ ቢሞት ይገንዛል፥ ያለቅሳል፥ ይቀብራል፤ በሠልስቱና በአርባው ያስባል፥ ተዝካሩን ያወጣል፤ ዓመት በዞረ ጊዜም ስሙን ለካህን ሰጥቶ በጸሎት ያስጠራል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ሟቹ ስም ስላለውና ለስሙም የሚቈረቈር ዘመድ ስላለው ነው። ነገር ግን ዘመን በዘመን ላይ ሲደራረብ ዘመድም ያልቃል፥ ስምም ይጠፋል፤ ሟቹ ይናገርበት የነበረው ቋንቋና ይሰግድለት የነበረው አምላክ እንኳ ከሰው ልብ ይወጣል። በምድር ላይ የሚቀረው የአፈርና የድንጋይ ጉብታ ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ስሙን ማንም ለማያውቀው፥ ዘመዴ ነው የሚለው ለሌለው ሙት ሕያዋን ዕዳ አለባቸውን? ወይስ የሙት መብት ከስሙ ጋራ አብሮ ይጠፋል?

ነገሩ የክርክር ጨዋታ ብቻ መስሎ እንዳይታይ በዓይን የሚታይ አንድ መቃብርን አስቀድሞ መመልከት ይሻላል። በዚህ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በአየርላንድ አገር ቦይን በሚባለው ወንዝ አጠገብ ኒውግሬንጅ የሚባል ታላቅ የመቃብር ጉብታ አለ። የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ዓመት ገደማ ነው፤ ይኸውም የግብጽ ነገሥታት በጊዛ ፒራሚዶችን ከማቆማቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ማለት ነው። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 85 ሜትር ያህል ነው፤ በዙሪያውም 97 ታላላቅ ድንጋዮች እንደ ቅጥር ተደርድረው ከበውታል። ከበሩ ጀምሮ 19 ሜትር ያህል የሚሄድ ጠባብ መተላለፊያ ወደ ውስጠኛው ክፍል ያደርሳል። ያ ክፍል በሦስት ወገን ሦስት ጓዳዎች አሉት፤ ጣሪያው ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደገፈ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ የተሠራ ሲሆን ከ5,000 ዓመት በኋላ ዛሬም ዝናም አያስገባም። ይህን የሠሩ ሰዎች ብረት አያውቁም ነበር፤ ጽሕፈትም አልነበራቸውም። ስለዚህ ማን እንደ ነበሩ፥ ሙታናቸውንም በምን ቃል እንደ ሸኙ የሚናገር አንድም ፊደል አልተገኘም።

ይህን መቃብር ለብዙ ዘመን የጠበቀው ሕግ አልነበረም። በቦይን ወንዝ አጠገብ የኖሩት ሰዎች የጥንት አማልክት መኖሪያ ነው እያሉ ተረት ያወሩለት ነበር፤ እንዲህ የሚፈራውን ስፍራ መንካትም ለማንም አይቀልም። በ1699 ዓ.ም. ግን የመሬቱ ጌታ ድንጋይ ፈልጎ ሠራተኞቹን ባሰማራ ጊዜ የመተላለፊያው በር ተገለጠ። በዚያው አካባቢ ዳውዝ የሚባለው ሌላው ጉብታ ደግሞ ከዚህ የከፋ ደረሰበት፤ በ1847 ዓ.ም. የጥንቱን ነገር ለማወቅ የፈለጉ ሰዎች መካከሉን ከላይ ቈፍረው የከፈቱት ጉድጓድ እስከ ዛሬ ድረስ እንደ ቍስል ይታያል። በ1882 ዓ.ም. የጥንት ሐውልቶችን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ፤ ኒውግሬንጅም በመንግሥት ጥበቃ ሥር ገባ። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ከጎረቤቶቹ ከናውዝና ከዳውዝ ጋራ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

እዚህ ላይ ቅርስ የሚለውን ቃል ማስተዋል ይገባል። ቅርስ ሲባል ካለፈው ትውልድ ለሚመጣው የተረፈ ሀብት ማለት ነው፤ ሀብት ካለ ደግሞ ወራሽ አለ። ወራሽ በወረሰው ገንዘብ ያዝዝበታል፤ ቢወድ ያሳየዋል፥ ቢወድ ያድሰዋል፥ ቢወድ ይለውጠዋል። መቃብር ግን ለወራሽ የተተወ ገንዘብ አይደለም። አባት ለልጁ እርሻውን ያወርሰዋል፥ ከብቱን ያወርሰዋል፤ ዐጽሙን ግን አያወርሰውም፤ አደራ ይለዋል እንጂ። ዮሴፍ በግብጽ ሳለ ወንድሞቹን ዐጽሜን ከዚህ አውጡ ብሎ በመሐላ አስሯቸዋል፤ ዘመናት አልፈው ሙሴ በወጣ ጊዜ ያንን ዐጽም ይዞ ወጣ። ሙሴ የዮሴፍ ዐጽም ወራሽ አልነበረም፤ ባለአደራ ነበረ። ወራሽና ባለአደራ አንድ ዕቃ በእጃቸው ቢይዙም ሥልጣናቸው አንድ አይደለም፤ ወራሹ የራሱን ፈቃድ ይፈጽማል፥ ባለአደራው የአስቀማጩን። የአስቀማጩን ፈቃድ ትቶ የራሱን የፈጸመ ሰው በአማርኛ አደራ በላ ይባላል፤ ከዚህም የከፋ ስም እምብዛም አይገኝም።

ነገር ግን አንድ ሰው ተነሥቶ እንዲህ ይል ይሆናል፤ ዮሴፍ ተናግሮ ሞተ፥ ቃሉም ተጻፈ፤ የኒውግሬንጅ ሙታን ግን ምንም የተናገሩት የለም፤ ያልተነገረ አደራ እንዴት ይጠበቃል? መልሱ ከሥራቸው ይነበባል። እነዚያ ሰዎች መቃብራቸውን ሠርተው ሲጨርሱ በሩን በታላቅ ድንጋይ ዘጉት። ከበሩ በላይ ግን አንዲት ጠባብ መስኮት አስቀሩ። በታኅሣሥ ወር ሌሊቱ እጅግ ረዝሞ ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት ሰሞን ፀሐይ ስትወጣ ጨረሯ በዚያች መስኮት ይገባል፤ መተላለፊያውንም ሁሉ አልፎ በውስጠኛው ክፍል ወለል ላይ ያርፋል፤ 17 ደቂቃ ያህል ቈይቶም ይወጣል። እንግዲህ ፈቃዳቸው ይህ ነው፤ ለሰው በሩን ዘጉ፥ ለብርሃን ግን መግቢያ ተዉ። ጽሕፈት የሌለው ሕዝብ ኑዛዜውን ከዚህ አብልጦ ሊገልጥ አይችልም።

ከዚህ ተነሥቶ መቃብሩን የከፈተ ሁሉ በደለኛ ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ስለ መስኮቲቱ ምሥጢር የታወቀው ሊቁ ሚካኤል ኦኬሊ ከ1962 እስከ 1975 ዓ.ም. ድረስ ስፍራውን በጥንቃቄ እየቈፈረ ስለ መረመረ ነው። እርሱ በ1967 ዓ.ም. በዲሴምበር 21 ቀን በጨለማው ክፍል ውስጥ ቆሞ ሲጠብቅ ብርሃኑ ሲገባ በዓይኑ አየ። ከዚያ በፊት እነዚያን የጥንት ሰዎች ዱር አዳሪና አላዋቂ አድርጎ የሚቈጥራቸው ብዙ ነበረ፤ ከዚያ በኋላ ግን የሰማይን ሥርዓት አስተውለው የሚያውቁ፥ ስለ ሙታናቸውም ተስፋ የነበራቸው ሰዎች መሆናቸው ተገለጠ። ስማቸው ባይመለስላቸው ክብራቸው ተመለሰላቸው። ስለዚህ መመርመር ሁሉ ስድብ አይደለም። ሐኪም የበሽተኛን ገላ መግለጡ እንደ ነውር አይቈጠርበትም፤ የሚገልጠው ለመፈወስ ነውና፤ ሥራውንም ሲፈጽም መልሶ ይሸፍናል።

ታዲያ በተፈቀደው ምርመራና ባልተፈቀደው መካከል ያለው ድንበር የት ነው? ድንበሩ በእጅ ሳይሆን በዓይን ላይ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ይህንም የሚያስረዱ ሁለት ነገሮች በአሜሪካ አገር ተደርገዋል።

በኋላ የአሜሪካ ሦስተኛ ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ጄፈርሰን ስለ ቨርጂኒያ አገር በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ በአንድ ወንዝ ዳር የነበረን የአገሬው ሰዎች የመቃብር ጉብታ እንዴት እንዳስቈፈረ ይተርካል። አፈሩን በየደረጃው ለይቶ ስለ መረመረ ዛሬ ብዙ ሊቃውንት የጥንት ፍለጋን ሥርዓት ካስጀመሩት እንደ አንዱ ይቈጥሩታል። የሕፃናትን ዐጽም ጭምር አግኝቷል፤ በጉብታው ውስጥ ያሉት ሙታንም አንድ ሺህ ያህል ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ ገምቷል። እዚያው መጽሐፍ ላይ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ከ30 ዓመት ያህል በፊት የአገሬው ሰዎች በዚያ አውራጃ ሲያልፉ ማንም ሳይመራቸው ጫካውን አቋርጠው በቀጥታ ወደ ጉብታው ሄዱ፤ ኀዘን በሚመስል ሁኔታም ጥቂት ጊዜ ቈዩ፤ ከዚያ በኋላ ለዚህ ብለው ስድስት ማይል ያህል ወደ ተዉት መንገድ ተመለሱ። ጄፈርሰን ይህን ያውቅ ነበር፤ ቢያውቅም ቅሉ አስቈፈረ። በአንድ ስፍራ ሁለት ዓይነት ሰው ቆሟል፤ አንዱ የሙታኑን ቍጥር ይዞ ሄደ፥ ሌላው ኀዘኑን አድርሶ ሄደ። ስለ ሙታኑ ብዙ የጻፈው የመጀመሪያው ነው፤ ሙታኑን የጎበኘው ግን ሁለተኛው ነው።

ሁለተኛው ነገር በኢሊኖይ ክፍለ አገር የሆነ ነው። በ1927 ዓ.ም. ዶን ዲክሰን የሚባል በሙያው ወጌሻ የነበረ ሰው በቤተ ሰቡ እርሻ ላይ የነበረውን የመቃብር ጉብታ መቈፈር ጀመረ። ዐጽሞቹን ግን አላነሣም፤ አፈሩን ብቻ ጠርጎ እያንዳንዱን እንደ ተኛ ተወው፤ በላዩም ቤት ሠርቶ ሰው እየመጣ እንዲያይ አደረገ። በ1945 ዓ.ም. መንግሥት ስፍራውን ገዛው፤ ተመልካቾችም ለብዙ ዓመት በመደገፊያ ላይ ተንተርሰው ከ200 የሚበልጡ የወንድና የሴት፥ የሽማግሌና የሕፃን ዐጽሞችን ከላይ ወደ ታች ያዩ ነበር። ዲክሰን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዐጽሞቹን ከስፍራቸው ባለማንሣቱ እንዲያውም ከብዙዎች ይልቅ ተጠንቅቋል። የአካባቢው ሰዎችም ትርኢቱን ይወዱት ነበር፤ ልጆቻቸው ስለ ቀደሙት ሰዎች የሚማሩበት ስፍራ ነው ይሉ ነበር። ነገር ግን የአገሬው ተወላጆች ተነሥተው እነዚህ ዘመዶቻችን ናቸው፥ ለዓይን አዱኛ አይሰጡ አሉ። ክርክሩ ብዙ ጊዜ ፈጀ። በመጨረሻ በ1992 ዓ.ም. በክፍለ አገሩ ገዢ ትእዛዝ ትርኢቱ ተዘጋ፥ ዐጽሞቹም በተኙበት ተከደኑ። ከዚያ አስቀድሞ በ1990 ዓ.ም. በመንግሥት ገንዘብ የሚረዱ ቤተ መዘክሮች በእጃቸው ያለውን የአገሬውን ተወላጆች ዐጽም ለዘመዶቻቸው እንዲመልሱ የሚያዝዝ ሕግ በአገሪቱ ወጥቶ ነበር።

በዚህ ላይ የሚነሣው ሙግት ጠንካራ ነው። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ማን የማን ዘመድ እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? ነገር ግን ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥያቄውን ይገልብጠው፤ ዘመድ መሆናቸው ባይታወቅስ ማየቱ የተፈቀደ ይሆናልን? ገላው የተገለጠ ሰው በመንገድ ወድቆ ቢገኝ ነጠላውን አውልቆ የሚሸፍነው መንገደኛ አስቀድሞ ዘሩን አይጠይቅም።

ይህ ነገር በኒውግሬንጅ ላይ በግልጥ ይታያል፤ በዚያ ዘመድ ነኝ ብሎ የሚከራከር የለምና። እንዲያውም የዘር ምርመራ እንዳስረዳው ከእነዚያ ሠሪዎች በኋላ በብዙ መቶ ዓመታት ሌላ ሕዝብ ወደ ደሴቲቱ ገብቶ የዛሬው የአገሩ ሰው ዘር የሚመዘዘው በብዛት ከዚያ ነው። እንግዲህ ጉብታውን የሚጠብቁት አየርላንዳውያን ለሙታኑ ባዕዳን ናቸው ማለት ነው። በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ሊቃውንት ከውስጠኛው ክፍል እጅግ ካጌጠው ጓዳ የተገኘውን የአንድ ወንድ ዐጽም መርምረው ዲኤንኤ የሚባለውን የዘር ምልክት አነበቡ፤ ወላጆቹ ወንድምና እኅት ወይም ወላጅና ልጅ መሆናቸውንም ገለጡ። እነርሱ ይህን የጻፉት ለማሳፈር አልነበረም፤ በጥንት ግብጽ እንደ ነበረው ራሳቸውን እንደ አማልክት የሚቈጥሩ ገዢዎች በዚያም እንደ ነበሩ ለማስረዳት ነው። ሆኖም ነገሩ በአደባባይ በተነገረ ጊዜ የብዙው ሰው ጆሮ የያዘው ትርጓሜውን ሳይሆን ነውሩን ነው። ያ ሰው 5,000 ዓመት ከተኛ በኋላ የወላጆቹ ምሥጢር ተገለጠበት፤ መልስ ሊሰጥ ግን አይችልም። በአማርኛ ስለ ሞተ ሰው ክፉ ለመናገር የተገደደ ሰው አስቀድሞ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል። ይህች አጭር ቃል የያዘችው ፍርድ ታላቅ ነው፤ እውነት እንኳ ቢሆን ለማይመልስ ሰው ሲነገር ጥንቃቄ ይሻል ማለቷ ነው።

ኖኅ በድንኳኑ ውስጥ ራቁቱን በሆነ ጊዜ ከልጆቹ አንዱ አይቶ ወደ ውጭ ወጥቶ አወራ። ሴምና ያፌት ግን ልብስ በጫንቃቸው ላይ አድርገው የኋሊት ሄዱ፤ ሳያዩም አለበሱት። እነዚህ ሁለቱ አላዋቂዎች አልነበሩም፤ አባታቸው ራቁቱን መሆኑን አውቀዋል፤ ባያውቁስ ኖሮ ልብስ ይዘው ባልሄዱ። ልዩነቱ በማወቅ አይደለም፤ ባወቁት ነገር ባደረጉት ነው። አንዱ ዕውቀቱን ወሬ አደረገው፥ ሁለቱ ልብስ አደረጉት። የጥንት መቃብርን የሚመረምር ሊቅ፥ የሚጠብቅ መንግሥት፥ የሚጎበኝ መንገደኛ ሁሉም ከእነዚህ ከሁለቱ ወገን በአንዱ ይቆማሉ። ዐጽም ሲመረመር የተገኘው ዕውቀት ለሟቹ ክብር የሚያለብስ ከሆነ፥ ከምርመራውም በኋላ ዐጽሙ ወደ ዕረፍቱ ከተመለሰ፥ ይህ የሴምና የያፌት ሥራ ነው። ዐጽሙ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የዕረፍት ቀን መዝናኛ ከሆነ ግን፥ በላዩ ምንም ያህል የጥበብ ጽሑፍ ቢለጠፍ፥ ከድንኳኑ ወጥቶ ማውራት ነው።

የማይታወቅ ሙት ዕዳ ከሚታወቀው ዕዳ አያንስም፤ ይልቁንም ንጹሕ የሆነው ይኸኛው ነው። ለታወቀ ሙት የሚደረገው ብዙውን ጊዜ ከሌላ ነገር ጋራ የተቀላቀለ ነው፤ አንዱ ስለ ርስት ይቀብራል፥ አንዱ የጎረቤት ሐሜት ፈርቶ ተዝካር ያወጣል፥ አንዱ ነገ ለእኔም ይደረግልኛል ብሎ ለቅሶ ይደርሳል። ስሙ ለጠፋ ሙት የሚደረገው ግን ብድር የማይመለስበት ነው፤ የሚያመሰግን ዘመድ የለም፥ የሚታዘብ ጎረቤት የለም። አብርሃም ሣራ በሞተችበት ጊዜ በኬጢ ልጆች ፊት እንግዳና መጻተኛ ነኝ ብሎ የመቃብር ስፍራ ለመነ፤ በ400 ሰቅል ብርም ገዛ። ታላቁ አባት እንኳ ሙታኑን ለመቅበር የባዕድ ፈቃድ አስፈልጎታል። ዘመን ሲረዝም ሙት ሁሉ በባዕዳን መካከል መጻተኛ ይሆናል። ዛሬ በደብሩ ቅጥር በእብነ በረድ ላይ ስሙን ያስቀረጸ ባለጸጋም አንድ ቀን ፊደሉ ይፈገፈጋል፥ የልጅ ልጆቹም ወዴት እንደ ሄዱ አይታወቅም፤ ያን ጊዜ ዐጽሙ የሚያርፈው በማያውቀው ሰው ቸርነት ብቻ ነው። እንግዲህ ለተረሳ ሙት ዕዳ የለብኝም የሚል ሰው በገዛ መቃብሩ ላይ ይፈርዳል።

ይህም የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በሶዶ አገር በጢያ 36 የቆሙ ድንጋዮች አሉ፤ ከእነርሱም 32ቱ የሰይፍና የሌላ ነገር ሥዕል ተቀርጾባቸዋል፤ የብዙው ቅርጽ ትርጓሜ እስከ ዛሬ አልተፈታም። ከሥራቸው የተቀበሩት ሰዎች ስም አልታወቀም። በ1980 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ድንጋዩን ደገፍ ብሎ ፎቶግራፍ ሲነሣ በሐውልት አጠገብ መቆሙን ያውቃል፤ በመቃብር ላይ መቆሙን ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። በደብር ቅጥር ውስጥ ቢሆን ኖሮ ባርኔጣውን ባወለቀ፥ ድምፁንም ዝቅ ባደረገ ነበር። ሁለቱን መቃብሮች የለያቸው የጊዜ ርዝመት ብቻ ነው፤ ጊዜ ደግሞ ሰውን ሰው ከመሆን አያወጣውም።

ወደ ኒውግሬንጅ ለመመለስ ያህል፥ በታኅሣሥ በዚያች ማለዳ በውስጠኛው ክፍል ለመቆም የሚመኘው ሕዝብ እጅግ ብዙ ስለ ሆነ የሚገቡት ጥቂቶች በዕጣ ይመረጣሉ። ሰማዩ ደመና ከሆነ ምንም ሳያዩ ይመለሳሉ። ሰማዩ ከጠራ ግን ቀጭን ብርሃን ወለሉን እያበራ ይመጣል። መቃብሩ በተሠራበት ዘመን ብርሃኑ ልክ ፀሐይ ስትወጣ ይገባ ነበር፤ ዛሬ ምድር በዘመናት ብዛት አቋቋሟን ጥቂት ስለ ለወጠች አራት ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ይህች አራት ደቂቃ በሙታኑና በተመልካቾቹ መካከል ያለውን የ5,000 ዓመት ርቀት ትለካለች። ብርሃኑ የተጠራው ለተመልካቾቹ አልነበረም፤ እነርሱ በሰው ቤት እንደ ገባ እንግዳ ናቸው። እንግዳም የሚገባውን ያውቃል፤ የተሰጠውን ያያል፥ ያልተሰጠውን አይነካም፥ ሲወጣም በሩን ይዘጋል። ለባለቤቶቹም ስማቸውን ባያውቅ እንኳ አፈሩን ያቅልልላቸው ብሎ ይሄዳል።